ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም

«ዶክተር፣ ኪንታሮቴን አውጡልኝ።» በሽታውን ራሱ ሰይሞ፣ መድኃኒቱንም ራሱ ሞክሮ፣ ሲብስበት የሚመጣ ሰው መዓት ነው። እኔ ቀዶ ጠጋኝ ነኝ። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር አክማለሁ፤ ለውፍረት የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ጥገናም እሠራለሁ። በሁለቱም ላይ የተሳሳተ ወሬ ሞልቷል። እንደ ኪንታሮቱ የሚያናድደኝ ግን የለም።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መጣ፤ 41 ዓመቱ ነው። ከዓመት በላይ ደም ሲያይ ቆይቷል። ጥቁር ፌስታሉን ፈታና የተጠቀመውን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረው። ሁለት ዓይነት ቅባት፣ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የባህል መድኃኒት ዱቄት።

«ብዙ መቀመጥ ያመጣው ነው አሉኝ» አለ።

«በጣት የመረመረህ ሰው አለ?»

«የለም።»

ጓንት አድርጌ መረመርኩት። ጠንካራ፣ ወጣ ገባ ያለ እብጠት የጣቴን ጫፍ ነካው። ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። የናሙናው ውጤት ካንሰር ሆነ። እኔ የተናደድኩት በእሱ አይደለም። ሳይነኩት ቅባት እየጻፉ በሸኙት ባለሙያዎች ነው።

ኪንታሮት በጣም የተለመደ ነው፤ ያደማልም። ችግሩ ካንሰሩም ያደማል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ስለዚህ ኪንታሮት ተገኘ ተብሎ ፍለጋው አይቆምም። በተለይ የሰገራ ልማድ ከተለወጠ፣ ተቀምጠው ተነሥተው «አልጨረስኩም» የሚል ስሜት ካለ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ። በትልቁ አንጀት ቀኝ በኩል ያለ ዕጢ ደግሞ ደሙ ለዓይን ሳይታይ ሰውን ያገረጣል። አንድ ወንድ የደም ማነስ ሲገኝበት የብረት እንክብል ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። ደሙ በየት እየፈሰሰ እንደሆነ መፈለግ አለበት።

አብዛኛው የአንጀት ካንሰር ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ እብጠት ይነሣል። ካንሰር እስክትሆን ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ አንጀትን በሚያይበት ምርመራ፣ ከታየች እዚያው ተቆርጣ ትወጣለች። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር ብዙ አይደለም።

«የሽማግሌ በሽታ ነው» ይላሉ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ታካሚዎች አሉኝ። አሜሪካኖች ምንም ምልክት የሌለው ሰው እንኳን ምርመራ የሚጀምርበትን ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 አውርደዋል። ደም ያየ ሰውማ ዕድሜ አይቆጥርም።

«ጥሬ ሥጋ ነው የሚያመጣው።» ጥሬነቱ የሚያመጣው ኮሶ ነው። ከአንጀት ካንሰር ጋር የሚያያዘው ቀይ ሥጋ ማብዛት ነው፤ ጥሬም ሆነ ጥብስ።

«ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል።» አይሰራጭም። ይህን የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ተቀዶ የሞተ ዘመድ አለው። ሐዘኑ ይገባኛል። ግን የገደለው ቢላው አይደለም፤ መዘግየቱ ነው።

«ዕድሜ ልኬን የሰገራ ከረጢት ሆዴ ላይ አንጠልጥዬ ልኖር?» ብዙዎች ጭራሽ አያስፈልጋቸውም፤ ለብዙዎችም ጊዜያዊ ነው። ሹፌሩ ከጨረርና ከኬሞ በኋላ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከረጢቱን የያዘው ለጥቂት ወራት ነው። ዛሬ መሪ ጨብጧል።

ወደ ውፍረቱ ልምጣ። «ጨጓራ ማስቆረጥ የሰነፍ መንገድ ነው» የሚል ሰው ሰውነት ክብደት ሲቀንስ ረሃብን እየጨመረ እንደሚታገል አያውቅም። ስሊቭ በሚባለው ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ጥገና ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ይወጣል፤ የረሃቡ ሆርሞንም ይቀንሳል። ስብ ከመምጠጥ ጋር አንድ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ነው፤ ለማርገዝም ቢያንስ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን የማይነግራችሁ ሐኪም ጋ አትቆረጡ።

«ከዚያ በኋላ የአንጀት ካንሰር አይዘኝም» የሚሉም አሉ። ውፍረት ለዚህ ካንሰር ያጋልጣል፣ እውነት ነው። ቀዶ ጥገናው ይከላከለው እንደሆነ ግን ጥናቶቹ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ አደጋው ቀነሰ ሲሉ፣ በሰሜን አውሮፓ ጨመረ ያሉም ተገኝተዋል። ስለዚህ ምርመራ አይቀርም።

ከሁለት ዓመት በፊት ጨጓራዋን ያሳነስኩላት እናት በቅርቡ ደወለችልኝ። «ትንሽ ደም አየሁ፤ ግን ኪንታሮት ነው፣ አታስብ» አለችኝ።

«ነገ ጠዋት ነይ» አልኳት።

በሳምንቱ ኮሎኖስኮፒ ሠራሁላት። ሁለት ፖሊፕ አወጣሁ።