የፖሊሲ መሣሪያ ምንድን ነው? ቅጣት ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

«ተዳፋት የሚያርሰው አልቆመም፤ የፖሊሲ መሣሪያው ላልቷል፣ ቅጣቱ ይጨመር» የሚሉ አስተያየት ሰጪ አሉ። የፖሊሲ መሣሪያ መንግሥት ሰዎችን ወደ ግቡ ለማምጣት የሚጠቀምበት መንገድ ነው፤ እሳቸው ግን መሣሪያ የሚሉት አንዱን ብቻ ነው። የመንግሥት አስተዳደር ምሁሩ ክሪስቶፈር ሁድ በ1983 እ.ኤ.አ. መንግሥት በእጁ ያለውን በአራት ከፍሎታል፦ መረጃ፣ ሥልጣን፣ ገንዘብና የራሱ አደረጃጀት።

የመንዝ እረኛ ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። በጎቹን ይጠራል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ጨው ያልሳል፣ ካልሆነም ራሱ ተነሥቶ ይነዳል። ጅራፍ የሚሠራው በጉ ከዓይን ሳይርቅና የሚሄድበት ሌላ ሣር ሲኖር ነው። ሌላ ሣር ከሌለ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ጨውም ጣጣ አለው፤ የለመደ መንጋ ያለሱ አይነሣም። ድጎማ የሰጠ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ወደ ሰሜን ሸዋው ጣርማ በር ገደላገደል እንምጣ። እስከ 2016 ዓ.ም. የሠራው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ ከልክሎ ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ለዓመታዊ ሰብል የሚውለው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ ነበር። (60 በመቶ 60 ዲግሪ አይደለም፤ በ100 ሜትር አግድም 60 ሜትር መውጣት ሲሆን 31 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን የሚያምታቱ ባለሙያዎችም አሉ።)

መሣሪያ ከመመረጡ በፊት የሚጠየቀው ሰውየው ለምን ያርሳል ነው። አያውቅም? አይችልም? አይፈልግም? ካላወቀ የልማት ሠራተኛ ምክር ይበቃዋል። እዚያ ያለው ገበሬ ግን አፈሩ በየክረምቱ ወደ ቆላ ሲወርድ በዓይኑ ያየዋል፤ የሚያርሰው ሌላ ማሳ ስለሌለው ነው። ስብሰባ ቢጠራ ምን ይጨምርለታል? ቅጣቱ ከፍ ሲል ደግሞ ጠቋሚ ይጠፋል። መክሰስ ያለበት የቀበሌ ሰው የዕድሩ አባል፣ ጽዋ የሚጣጣው ማኅበርተኛ ነውና፤ 100 ብር ሲሆን ሊናገር ይችላል፣ 10,000 ብር ሲሆን ግን አላየሁም ይላል።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቲንበርገን እንዳለው ግቡ ሁለት ከሆነ መሣሪያውም ቢያንስ ሁለት ይሁን። አፈሩም ይዳን ቤቱም ይብላ ከተባለ ክልከላ ብቻውን አይበቃም፤ እንዳይታረስ ከተከለለው ቦታ ሣር አጭዶ መውሰድ፣ የመኖ ዛፍ ችግኝ፣ ለእርከን ሥራ ክፍያ ይጨመርበት።

የሣሩ ድልድል ግን ቦታው ሳይከለል በፊት ይጠናቀቅ። ማን ከየት እንደሚያጭድ ሳይታወቅ ከተከለለ በመጀመሪያው ክረምት በጎቹ በሌሊት ይገባሉ።