ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት ምንድን ነው? የቤት ዋጋስ ምን አገባው?

አንድ ተንታኝ በአያትና በሲኤምሲ ሰፈሮች የቤት ዋጋ በእጥፍ መጨመሩን ጠቅሶ የአዲስ አበባ ኢኮኖሚም በዚያው ልክ አድጓል ሲል ሰማሁ። እንዲህ ሲባል የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ከእንግዲህ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የኢኮኖሚ ዕድገት የሚለካው በጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት ነው፤ እሱም በአንድ ዓመት በሀገር ውስጥ አዲስ የተመረተ ዕቃና አገልግሎት ዋጋ ነው። ሰው ሁሉ የሚዘላት «አዲስ» የምትለዋን ቃል ነው።

ቤትን እንደ ላም ቁጠሩት። ጥጃዋን ለማሳደግ የተደከመው ድካም ግንባታው ነው፤ ይቆጠራል። ወተቷ ኪራዩ ነው፤ እሱም በየዓመቱ ይቆጠራል። በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው እንኳ ለራሱ እንዳከራየ ተገምቶ ይመዘገባል፤ የራሱን ላም አልቦ የጠጣም ወተት ጠጥቷልና። ይህችው ላም ገበያ ወጥታ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ብትሸጥ፣ የመጨረሻው ገዢም የመጀመሪያውን እጥፍ ቢከፍል፣ ማታ የምትታለበው ወተት በአንድ ጭልፋ አይጨምርም። ከዚያ ሁሉ ግርግር ሒሳባችን ውስጥ የሚገባው የደላላው ኮሚሽንና ውሉን ላዘጋጀው ባለሙያ የተከፈለው ብቻ ነው። እነርሱ በዕለቱ የተሰጡ አገልግሎቶች ናቸው።

መሬቱማ ጭራሽ ምርት አይደለም። ማንም አላመረተውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ለጨረታ የሚቀርበው ሊዙ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት። ለአንድ ካሬ ሜትር የቀረበ አስደንጋጭ ዋጋ በዜና ሲነገር ግን የዕድገት ምስክር ተደርጎ ይወሰዳል። ገንዘቡ ከተጫራቹ ኪስ ወደ ከተማው ካዝና ተላለፈ እንጂ የተመረተ ነገር የለም። ከተማው በዚያ ገንዘብ መንገድ ቢሠራ መንገዱ ይቆጠራል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ግንባታውስ?» ለሚለኝ፣ እውነት ነው፣ የግንበኛው ላብ ምርት ነው። ሊፍቱና መስታወቱ ግን ከውጭ የገቡ ከሆነ ዋጋቸው ከሒሳቡ ይቀነሳል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንዲህ ያለው ዕቃ በብር ሲሰላ እጅግ ተወዷል፤ የሕንፃውም ዋጋ አብሮ ወጣ። ሕንፃው ግን አንድ ፎቅ አልጨመረም። ዕድገትን በየዓመቱ ገበያ ዋጋ ሳይሆን በአንድ የመነሻ ዓመት ዋጋ የምንለካው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቁኝም። ላም ታረጃለች፣ ቤትም እንዲሁ። «ጥቅል» የተባለው ያ እርጅና ስላልተቀነሰ ነው። በካዛንቺስ ሰፈር ቤቶች ሲፈርሱ የጠፋው ሀብትም ከዓመቱ ምርት ላይ አይቀነስም፤ የማፍረሱ ሥራ ግን እንደ አገልግሎት ይቆጠራል። ጉድለቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ በሚቀረው ወተት ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር የከተማ ሀብት መለኪያ የሚያደርጉትንም አልቀበልም።

አያት ሰፈር ወዳለው ቤት ልመለስ። ዋጋው እጥፍ የሆነው ቤት አምናም ዘንድሮም ሁለት መኝታ ነው። ተከራይዋ ጭማሪውን የምትከፍለው ለዚያው ግድግዳ፣ በፈረቃ ለሚመጣው ለዚያው ውኃ ነው።