ልብ ሰቀላ ምንድን ነው?

ልብ ሰቀላ፣ በተለምዶ ሰስፔንስ የምንለው፣ አንባቢው አንድ ክፉ ነገር እየመጣ መሆኑን አውቆ እስኪመጣ ድረስ የሚጨነቅበት ጊዜ ነው። ዋናው ነገር ማወቁ ነው። ብዙ ሰው ግን ምስጢር መደበቅ ይመስለዋል። እዚህ ደሴ ልቦለድ የሚሞክሩ ልጆች አልፎ አልፎ ጽሑፋቸውን ያሳዩኛል፤ አብዛኞቹ ዋናውን ነገር እስከ መጨረሻው ገጽ ቀብረውት ይመጣሉ። ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል፣ ልጅቷ ለምን እንደጠፋች፣ ፍንጭ የሚባል ነገር የለም። አንባቢው የሚፈራውን ካላወቀ በምን ይፈራል?

እስቲ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ እንውሰድ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሀረጎ ላይ ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ አለ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጉሙ ይጨመርበታል። ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል፣ አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች፣ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። ድንገት ፍሬኑ እምቢ ይላል! አንባቢው ክው ይላል፣ ሁለት መስመር፣ አለቀ።

አሁን እንደገና እንጻፈው። ሚኒባሱ ገና መናኸሪያ ቆሟል። በግራ የኋላ ጎማው ሥር የፍሬን ዘይት ጠብ ጠብ ሲል እኛ አየን፣ ሌላ ማንም አላየም። ረዳቱ "ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል። እናትየዋ ልጇን አቅፋ ትገባለች። ሹፌሩ ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ይዞራል፣ የፊቱን ጨርሶ ወደ ግራ ኋላው ሲጠጋ ስልኩ ይጮሃል፣ እያወራ ተመልሶ መሪው ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ ያንኑ የጤፍ ዋጋ ያነሳሉ። በቃል ደረጃ ወሬያቸው ያው ነው፣ ግን አሁን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ያስጨንቃል፣ "ተዉት ጤፉን፣ ውረዱ!" ማለት ያምረናል። ሀረጎ እስኪደርሱ አምስት ገጽ መጻፍ ይቻላል፣ አንባቢውም መጽሐፉን አያስቀምጥም።

ይህን ነገር ከሁሉ አጥርቶ የተናገረው የፊልም ሰው ነው፣ አልፍሬድ ሂችኮክ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ የጠረጴዛ ሥር ቦምብ ምሳሌውን አስቀመጠ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቦምቡ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት ቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ልቡ ተሰቅሎ ይቆያል።

በአማርኛም አዲስ ነገር አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን አስቡት። የስለላ ታሪክ አይደለም፣ ግን ገና ከመጀመሪያው ወላጆቹ በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን መሳላቸውን ነግረውናል። ስለዚህ በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ፣ ሁለቱ ሲተያዩ፣ እኛ ደስታውን በሙሉ ልብ መደሰት አንችልም። ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ይነግረናል! ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ ጆሮውን ሰጥቶ ይከታተል የነበረውም መጨረሻውን ስላላወቀ አይመስለኝም። እየመጣ ያለውን እያወቀ "ምናለ ባይሆን" እያለ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና ላይ ተረት የሚያወራ ሰውም ይህን ያውቅበታል፣ ነገሩን አቦል ላይ አንስቶ በረካ ሳይደርስ አይጨርሰውም።

እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች ምን ያነባሉ፣ እንዴትስ ይኖራሉ? እኔን በጣም የምትገርመኝ አሜሪካዊቷ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1921 ቴክሳስ ተወለደች፣ የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1950 ወጣ፣ ሂችኮክ በዓመቱ ፊልም ሠራው። በ1966 ስለ ሙያው በጻፈችው ትንሽ መጽሐፍ፣ ልብ ሰቃይ ታሪክ ማለት ኃይለኛ ድርጊት፣ ሞት ጭምር፣ ሁልጊዜ ቅርብ የሆነበት ታሪክ ነው ትላለች። የሷ ልዩነት አንባቢውን ወንጀለኛው ጭንቅላት ውስጥ ማስቀመጧ ነው። ፖሊስ በር ሲያንኳኳ የምንፈራው ለገዳዩ ነው፣ "እንዳይያዝ" እያልን፣ በራሳችን እያፈርን።

ይህ ከየት መጣ? ከንባቧ ነው። ገና ልጅ ሳለች ካርል ሜኒንገር የተባለ የአእምሮ ሐኪም ስለ ታማሚዎች የጻፈውን መጽሐፍ ወዳ ታነብ ነበር፣ በውጭ ሲታዩ ደህና የሚመስሉ ሰዎች በውስጣቸው የተሸከሙትን ጉድ። በኋላ ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ መጣ። እሱም እ.ኤ.አ. በ1866 በመጽሔት በክፍል በክፍል ባወጣው ወንጀልና ቅጣት ገዳዩን ከጅምሩ አሳይቶናል። ማን ገደለ የሚል ጥያቄ የለም፤ ያለው ጥያቄ ይሄ ልጅ ነገሩን ተሸክሞ እስከ መቼ ይቆማል የሚለው ነው። ሃይስሚዝ ማስታወሻ መያዝ ከወጣትነቷ ጀምሮ ልማዷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ስትሞት ቤቷ ውስጥ የተገኘው የማስታወሻ ደብተር 8,000 ገጽ ገደማ ነው። ለሌሎች ጸሐፊዎችም ደብተር እንዲይዙ ትመክራለች፣ ውጭ ሲሠራ ለሚውል ሰው ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ይበቃል።

አሜሪካዊው የአስፈሪ ልቦለድ ደራሲ ስቲቨን ኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው የአጻጻፍ መጽሐፉ በዓመት ከ70 እስከ 80 መጽሐፍ እንደሚያነብ ጽፏል፣ በዚያ ላይ ቀስ ብዬ ነው የማነበው ይላል። የሄደበት ሁሉ መጽሐፍ ይዞ ይሄዳል፣ ሰው ሲጠብቅም ሰልፍ ላይም ያነባል። ባንክ ወረፋ ላይ ስልክ ስንነካካ የምናሳልፈውን ጊዜ ሳስብ ይቆጨኛል። የእኛው በዓሉ ግርማም ጋዜጠኛ ነበር፣ ኦሮማይ የተባለውን ልቦለዱን የጻፈው አሥመራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን በዓይኑ አይቶ ነው። ወሎ ያፈራው ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ስንቱን አንባቢ አድርጓል።

ብዙ ማንበብ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ሁለቴ ማንበብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ፣ ልባችሁ እስኪሰቀል ድረስ አንብቡት። ሁለተኛው ላይ እርሳስ ያዙና በየምዕራፉ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ እዚህ ጋ ማን ምን ያውቃል? አንባቢው የሚያውቀውና ገጸ ባሕሪው የማያውቀው ነገር ካለ ጭንቀቱ የሚነሳው ከዚያ ክፍተት ነው። ሁለቱም እኩል ካወቁ ወይም ሁለቱም ካላወቁ ደራሲው ሌላ ነገር እየሠራ ነው። በፍቅር እስከ መቃብር ጀምሩ። ስለቱ በተነሳ ቁጥር ኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ለስንት ገጽ ዝም እንደሚባል፣ በማን አፍ እንደሚመለስ ተከታተሉ። መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ከሆነ ግን በደብተር ይሁን።