የሰማንያዎቹ አልበሞች ደረጃ ለምን ይወጣል፣ ለምን ይወርዳል? በስህተት የሚነገሩ ነገሮችና እውነታው

ከ1980 እስከ 1989 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጡ የሮክና የፖፕ አልበሞች ትናንት የተናቁት ዛሬ ሲወደሱ፣ የተወደሱትም ሲወርዱ ያየ ሰው “ጊዜ ፈረደ” ይላል። ጊዜ ብቻውን አይፈርድም። ድምፅ የሚሰጠው ሰው ይቀየራል፣ የሚሰማው ቅጂ ይቀየራል፣ ሙዚቃው ቀድሞ ያልደረሰበት አገር ይደርሳል።

“ዛሬ ታላቅ የሚባሉት ያኔ ተጣጥለው ነበር”

አብዛኞቹ አልተጣጣሉም። ቪሌጅ ቮይስ የተባለው የኒውዮርክ ጋዜጣ በየዓመቱ የአሜሪካ ሃያስያንን ድምፅ ይሰበስብ ነበር። በ1983 አንደኛ የወጣው የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ነው። በ1984 የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» አንደኛ፣ የፕሪንስ «ፐርፕል ሬይን» ሁለተኛ ወጡ። የፖል ሳይመን «ግሬስላንድ» በ1986 አንደኛ ነበር። እነዚህን “በዘመናቸው ያልታወቁ” ማለት ስህተት ነው።

በእርግጥ የተወገዙም አሉ። ፖል ማካርትኒ ብቻውን ሲንተሳይዘር እየነካካ የሠራው የ1980ው «ማካርትኒ 2» ክፉኛ ተተችቶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወዳጆች አንስተውታል። ይህ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። “ሃያስያን አልገባቸውም ነበር” የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ በወጣበት ዓመት የተጻፈውን ሂስ ፈልጋችሁ አንብቡ።

“ደረጃው ከወረደ ሃያስያን አልበሙን ጠልተውታል ማለት ነው”

ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የምንጊዜም 500 አልበሞችን ዝርዝር በ2003 አወጣ፤ በ2020 ደግሞ እንደ አዲስ ድምፅ አሰባሰበ። የዩቱ ባንድ «ጆሹዋ ትሪ» ከ26ኛ ወደ 135ኛ ወረደ። «ፐርፕል ሬይን» ከ72ኛ ወደ 8ኛ ወጣ። በመካከሉ አንድም ኖታ አልተቀየረም። የተቀየሩት መራጮቹ ናቸው፤ በ2020 ከ300 በላይ ሰዎች ሲመርጡ ሂፕ ሆፕና አር ኤንድ ቢ እየሰሙ ያደጉ ወጣት ሙዚቀኞችም ገብተውበታል።

አሠራሩንም ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ መራጭ የሚልከው 50 አልበሞችን ነው። የሚወደው አልበም በእርሱ ዝርዝር 51ኛ ከሆነ የሚያገኘው ነጥብ ዜሮ ነው። ስለዚህ መቶ ደረጃ ለመውረድ ማንም ሰው “ይህ አልበም መጥፎ ነው” ማለት የለበትም፤ ጥቂት መራጮች በቦታው ሌላ አልበም ማስገባታቸው ይበቃል። ፕሪንስ በ2016 ማረፉም ሰው ሥራዎቹን ደግሞ እንዲሰማ ማድረጉ አይቀርም፤ እንዲህ ያለውን ምክንያት ሰንጠረዡ አይነግራችሁም።

“የሰማንያዎቹ ድምፅ አርጅቷል”

አርጅቷል የሚባለው በዋናነት አንድ የድራም ድምፅ ነው፤ አፈጣጠሩን ላወቀ ሰው ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ለንደን በነበረው ታውንሃውስ ስቱዲዮ የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የፒተር ጌብርኤል ሦስተኛ አልበም ሲቀረጽ ድራም የሚመታው ፊል ኮሊንስ፣ የድምፅ መሐንዲሱ ሂው ፓጃም ነበሩ። ሙዚቀኞቹ ከመቅረጫው ክፍል ሆነው ከመሐንዲሱ ጋር የሚነጋገሩበት ማይክሮፎን ነበር። የሹክሹክታም የጩኸትም ድምፅ እኩል እንዲሰማ ኃይለኛ ኮምፕረሰር ተገጥሞለታል። ድራሙ በዚህ ማይክሮፎን ሲያልፍ የክፍሉ ማሚቶ አብጦ ግዙፍ ሆነ። ከዚያ ጌት የሚባለውን መሣሪያ ጨመሩበት፤ ጌት ድምፁ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ በሩን ይዘጋል። ማሚቶው ቀስ እያለ በመጥፋት ፋንታ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። በአንድ ምት ግዙፍ ድምፅ፣ ወዲያው ዝምታ።

ከዚያ በኋላ ይህን ድምፅ በአንድ ቁልፍ የሚሰጡ ዲጂታል መሣሪያዎች ወጡ፤ ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው። ለአንድ ዘፈን ተብሎ የተገኘው ነገር የሁሉም ሆነ። በዘጠናዎቹ ጆሮው ከደረቅና ካልተኳለ የጊታር ድምፅ ጋር የለመደ ሃያሲ ይህን ሲሰማ ዜማውን ከመመዘኑ በፊት ዘመኑን ሰማ። ከ2010 በኋላ ደግሞ ወጣት አቀናባሪዎች ያንኑ ድምፅ ወደውት ሲጠቀሙበት ነቀፋው ረገበ።

ደግሞም አሥር ዓመቱን ሙሉ በአንድ ድምፅ መጠቅለል አይቻልም። የስፕሪንግስቲን የ1982ቱ «ነብራስካ» በቤት ውስጥ፣ አራት ትራክ (ለየብቻ የሚቀረጽ የድምፅ መስመር) ባለው የካሴት መቅረጫ፣ ድራም ሳይኖረው የተሠራ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሰው በግዙፍ ድራም የሚያስተጋባውን «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» አወጣ።

“ሪማስተር የተደረገው ያው አልበም ነው”

ሁልጊዜ አይደለም። መጀመሪያ እያንዳንዱ መሣሪያና ድምፅ በየትራኩ ይቀረጻል፤ ከዚያ ሁሉም ሚክስ ተደርጎ የግራና የቀኝ ሁለት ቻናል ይሆናል፤ በመጨረሻ ማስተር ይደረጋል፣ ማለትም ጠቅላላ ድምፁ ለሕትመት ይስተካከላል። ሪማስተር የሚነካው ያለቀውን ሚክስ ነው፤ የድምፃዊውን ድምፅ ለብቻው ማውጣት አይችልም። ሪሚክስ ግን ወደ ትራኮቹ ይመለሳል። የሪፕሌስመንትስ ባንድ የ1985 አልበም «ቲም» ለዓመታት “ዘፈኑ ድንቅ፣ ድምፁ ደካማ” ሲባል ኖሮ፣ በ2023 የድምፅ መሐንዲሱ ኤድ ስቴዢየም እንደገና ሚክስ አድርጎት ሲወጣ ሃያስያን በአዲስ ጉልበት አወደሱት። የወደዱት ከ1985ቱ ሸክላ የተለየ ነገር ነው።

ሁለት ቅጂ ስታወዳድሩ ጮክ ያለውን ቀንሱና ለጆሮ እኩል አድርጉት፤ ጆሮ ጮክ ያለውን “የተሻለ” ብሎ ይታለላል። ከዚያ ረጋ ያለውን ክፍልና አዝማቹን አዳምጡ። የሁለቱ ጉልበት እኩል ከሆነባችሁ ኮምፕረሽኑ (ዝግ ያለውንና ጮክ ያለውን ድምፅ ማቀራረቡ) በዝቷል፤ ድራሙም ምቱን አጥቷል።

“ኬት ቡሽን ከመረሳት ያወጣት የቴሌቪዥን ድራማ ነው”

ይህ የአሜሪካ ታሪክ ነው። በዘፋኟ በራሷ አገር በእንግሊዝ «ሃውንድስ ኦፍ ላቭ» በ1985 የማዶናን «ላይክ ኤ ቨርጂን» ከሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛነት አውርዶ ቦታውን የያዘ አልበም ነው፤ «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» የተሰኘው ዘፈኑም 3ኛ ደርሶ ነበር። በአሜሪካ ዘፈኑ 30ኛ ላይ ቆመ። በ2022 በተከታታይ ድራማ ውስጥ ሲሰማ በእንግሊዝ 1ኛ፣ በአሜሪካ 3ኛ ሆነ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤ ይህ ግን ቀድሞም ድንጋይ የሰበረ ነበር፣ በሌላ አገር።

“ተረስቶ የነበረ፣ እንደገና የተገኘ”

ይህን ሐረግ ባያችሁ ቁጥር “ማን ረሳው?” በሉ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ፤ በካሴትም ወጣ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶት፣ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው በኩል በ2013 እንደገና ሲያሳትመው የምዕራቡ ጋዜጦች እንደ አዲስ ግኝት አወደሱት። ውዳሴው ይገባዋል፤ ኃይሉንም ወደ መድረክ መልሶታል። ካሴቱ ግን ባሕር ዳር የተገኘው እዚያ ይሸጥና ይሰማ ስለነበር ነው።