ሦስት ሌሊት በኢስታንቡል፦ ስለ ሆቴልና ስለ አስጎብኚ ምርጫ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኢስታንቡል ለሐበሻ መንገደኛ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ነጋዴው ለልብስና ለጫማ ላሌሊ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ይመላለሳል፤ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚመጣውም ብዙ ጊዜ አውሮፕላን የሚቀይረው እዚያ ስለሆነ፣ እግረ መንገዱን ሁለት ሦስት ሌሊት አድሮ ከተማዋን አይቶ ለመሄድ ያስባል። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ አጭር ቆይታ ሆቴልና አስጎብኚ ሲመረጥ ደጋግሜ የሰማኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም ራሴ አምኛቸው የከሰርኩባቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ይመለከታል። ሦስት ሌሊት ማለት በተግባር ሁለት ሙሉ ቀንና ሁለት ጎዶሎ ቀን ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ውድና ርካሽ ሳነሣ፣ በሊራ ከሚቆጠረው ይልቅ በሰዓት የሚቆጠረውን ወጪ በይበልጥ እያሰብኩ ነው።

«ኮከቡ የበዛ ሆቴል የተሻለ ነው»

በቱርክ ለሆቴሎች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ደረጃ የሚሰጠው የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ሲሆን፣ መመዘኛዎቹ በአብዛኛው ሊቆጠሩ ወይም ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፦ የክፍሉ ስፋት፣ ሊፍቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ የስብሰባ አዳራሹ፣ የመዋኛ ገንዳው። ከመስኮቱ ሥር ያለው መጠጥ ቤት ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ወይም እንግዳ ተቀባዩ ችግር ሲነገረው ፊቱን ያጥቁር አያጥቁር ኮከብ አይናገርም። በሌላ በኩል «ቡቲክ ሆቴል» የሚባለው በአገሪቱ ደንብ ራሱን የቻለ ምድብ ስለሆነ ኮከብ አይሰጠውም፤ ኮከብ የለውም ብለው የሚያልፉት ሰዎች አሮጌ ቤት ታድሶ የተሠራ ጥሩ ማረፊያ ያመልጣቸዋል። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ለማይዋኝበት ገንዳና ለማይሰበሰብበት አዳራሽ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

«መሃል ከተማ ነው ከተባለ ይበቃል»

በእኔ ግምት መንገደኛን ከሁሉ የበለጠ የሚያስከፍለው ስሕተት ይህ ነው። ኢስታንቡል በሁለት አህጉራት ላይ የተዘረጋች፣ አንድ መሃል የሌላት ከተማ ናት። አያ ሶፊያን፣ ሰማያዊ መስጊድንና የቶፕካፒን ቤተ መንግሥት ለማየት የመጣ ሰው መሃሉ ሱልጣንአህመት ነው። ዕቃ ሊገዛ የመጣው መሃሉ ላሌሊ ነው፤ ማታ ማታ መብራትና ሰው በበዛበት ጎዳና መንሸራሸር የሚወደው ደግሞ ታክሲም በሚባለው አደባባይ አካባቢ ቢያርፍ ይሻለዋል። ካዲኮይ ደስ የሚል ሰፈር ቢሆንም በእስያ በኩል ስለሚገኝ፣ እዚያ ያደረ ሰው ወደ ጥንታዊው ከተማ ለመሄድ በየቀኑ ባሕር መሻገር አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው፣ ቲ1 የሚባለው የትራም መስመር ከሚያልፍባቸው ጣቢያዎች የአንዱን አካባቢ እንዲይዝ ነው፤ አክሳራይን፣ ላሌሊን፣ በያዚትን፣ ሱልጣንአህመትን፣ ኤሚኖኑንና ካራኮይን በአንድ ክር የሚያያይዘው እሱ ነውና።

በካርታ ላይ ያለው ርቀት ግን ዳገትን አይቆጥርም። አንድ ጊዜ የያዝኩት ሆቴል «ከትራም ጣቢያ 400 ሜትር» ይል ነበር፤ ውሸት አልነበረም። ያልተነገረኝ ነገር ያ 400 ሜትር ከሱልጣንአህመት ወደ ማርማራ ባሕር የሚወርድ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ቁልቁለት መሆኑ ነው። ስገባ የሻንጣዬ ጎማ በየድንጋዩ ክፍተት እየተቀረቀረ ወረድኩ፤ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ያንኑ ዳገት ላቤን እያንጠፈጠፍኩ ወጣሁ፤ በመጨረሻው ቀን አንዱ ጎማ እዚያው ቀረ። አብራኝ የነበረችው አክስቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቀኑን የምንጀምረው በታክሲ ነበር፤ በክፍሉ ዋጋ ያተረፍነው ሁሉ ለታክሲ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሆቴል ከመያዜ በፊት በካርታው ላይ የመንገዱን ፎቶግራፍ ከፍቼ እመለከታለሁ፤ የእንግዶችን አስተያየት ሳነብም ጠቅላላውን ነጥብ ትቼ «ዳገት»፣ «ደረጃ»፣ «ሊፍት»፣ «ጩኸት» የሚሉትን ቃላት እፈልጋለሁ።

ስለ ቦታ ከተነሣ፣ ከተማዋ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች እንዳሏት መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው አዲሱ የኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ በአውሮፓ በኩል ነው፤ ሳቢሃ ጎክቼን በእስያ በኩል ነው፤ ሁለቱም ከሱልጣንአህመት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ርካሽ ትኬት ያገኘ ሰው አንዳንድ ጊዜ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንደሚወጣ የሚገነዘበው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው።

«ክፍል ክፍል ነው፤ የምንገባው ለመተኛት ብቻ ነው»

በጥንታዊው ከተማ ውስጥ ያሉ ሕንጻዎች ጠባብ ስለሆኑ፣ በዝቅተኛ ዋጋ «ኢኮኖሚ» ተብሎ የሚቀርበው ክፍል ከመሬት በታች የሆነ፣ ወይም መስኮቱ በሁለት ሕንጻዎች መካከል ወዳለ ጨለማ ክፍተት የሚከፈት ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፉ ላይ መጋረጃ ብቻ ከታየና መስኮት ካልታየ መጠየቅ ነው። ቁርስ ተካቶ ከሆነ ደግሞ ጾመኛ የሆነ ሰው «ለኔ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ አይተወው፤ በቱርክ የቁርስ ጠረጴዛ ላይ ዕንቁላሉና አይቡ ቢቀር ወይራው፣ ቲማቲሙ፣ ኪያሩ፣ ማሩ፣ ትኩስ ዳቦውና ሻዩ አለ፤ እስከ ምሳ ያደርሳል።

«ሆቴሉን እዚያው ደርሼ እይዛለሁ፤ ይረክሳል»

ለቪዛ ማመልከቻ የሆቴል ማስያዣ የሚጠየቅ ሰው ይህ ምርጫ ከመጀመሪያውም የለውም። ላለው ሰውም ቢሆን አንድ እንቅፋት አለ፦ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የቱርክ ፍርድ ቤት ባሳለፈው ውሳኔ ምክንያት፣ ብዙዎቻችን የለመድነው ቡኪንግ ዶት ኮም በአገሪቱ ውስጥ ሆነው የቱርክ ሆቴሎችን ለመያዝ ለሚሞክሩ ሰዎች አገልግሎቱን እንዲያቋርጥ ተደርጓል። ከውጭ ሆኖ መያዝ ይቻላል። አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብሎ ስልኩን የከፈተ መንገደኛ ግን የተበላሸው ስልኩ ይመስለዋል። ዋጋም ሲነጻጸር የሚታየው ቁጥር የመጨረሻው መሆኑ ይጣራ፤ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ 2 በመቶ የማረፊያ ግብር አለ፤ በዩሮ የተጻፈ ዋጋ በሊራ ሲከፈል ሆቴሉ በየትኛው ምንዛሪ እንደሚያሰላም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝና በተለይ በእኛ ዘንድ የሚደጋገም ስሕተት አለ። ቱርክና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም፤ ነገር ግን ሆቴሉ ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚያርፍ ሰው በትኬቱ ላይ «ዓርብ» የሚለውን አይቶ ክፍሉን ከዓርብ ጀምሮ ይይዛል፤ ሆቴል ሲደርስ ግን ክፍሉ የሚሰጠው በዚያው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ሻንጣውን ታቅፎ እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ያንጎላጃል። እንዲህ ያለው መንገደኛ መያዝ የነበረበት የሐሙስን ሌሊት ነው፤ ለሆቴሉም «የምደርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ አለበለዚያ አልመጣም ተብሎ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

«ቋንቋ የሚያውቅና ከተማውን የኖረበት ሁሉ ማስጎብኘት ይችላል»

በቱርክ አስጎብኚነት በሕግ የታጠረ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ቁጥር 6326 የሆነው የቱሪስት አስጎብኚነት ሙያ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው እንዳያስጎበኝ ይከለክላል፤ ፈቃድ ለማግኘት ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የቱርክ ዜግነት ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በሥራ ላይ ሳለ ፎቶግራፉ ያለበትን መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። መታወቂያውን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እውነተኛው አስጎብኚ ቅር አይለውም። የአስጎብኚዎች ዝቅተኛ የቀን ክፍያም በየዓመቱ በይፋ ስለሚወጣ፣ ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ የሚጠራ ሰው ሲያጋጥም የቀረውን ገንዘብ ከየት ሊያገኝ እንዳሰበ መጠርጠር ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ «የኛ ልጅ አለልኝ» የሚለው ነገር ይነሣል። ላሌሊና አክሳራይ አካባቢ ኖሮ ቋንቋውን የለመደ፣ ነጋዴን ከሱቅ ሱቅ የሚያዞር፣ ዋጋ የሚያስቀንስና ዕቃን ካርጎ ቤት የሚያደርስ ወገን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ለድካሙም በግልጽ ተነጋግሮ መክፈል ይገባል። ነገር ግን ሥራው አስተርጓሚነትና አጋዥነት እንጂ ቤተ መንግሥት ማስጎብኘት አይደለም። ቶፕካፒ በር ላይ ተቆጣጣሪ ቢያገኘው ቅጣቱ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነውና፣ «ያንንም አሳየን እንጂ» ብለን ባንገፋፋው መልካም ነው። እሱም ቢሆን ከባለ ሱቁ ኮሚሽን ይቀበል እንደሆነ መጀመሪያ ቢጠየቅ ወዳጅነት አይበላሽም፤ የሚበላሸው ኋላ ሲሰማ ነው።

«ነጻ ጉብኝት ወይም በጣም ርካሽ ጉብኝት ትርፍ ነው»

የሙሉ ቀን ጉብኝት በማይታመን ዋጋ ይሸጥልናል። ጠዋት አንድ መስጊድ፣ አንድ አደባባይ እናያለን፤ ከዚያ አውቶቡሱ «የእጅ ሥራ ማእከል» ወደሚባል ቦታ ይወስደናል። አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጡናል፤ በወገቡ ቀጠን ባለ ብርጭቆ የፖም ሻይ ይቀርባል፤ አንዲት ሴት የምንጣፍ ቋጠሮ እየቋጠረች ትታያለች፤ ከዚያ ሁለት ወጣቶች ምንጣፉን እየጠቀለሉ መጥተው እግራችን ሥር በአንድ ውርወራ ይዘረጉታል፤ አንዱ በሌላው ላይ ይነጠፋል፤ በሩም ይዘጋል። ለሻዩ አይከፈልም፤ ግን ሻይ ጠጥቶ ባዶ እጅ መነሣት ለእኛ ለሐበሾች ይከብዳል፤ ሻጩም ይህን ሳያውቅ አይቀርም። እኔ ከነበርኩበት ቡድን ሁለት ሰዎች ገዙ፤ የቀረነው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጠበቅናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቆዳ ጃኬት መደብር ተከተለ። ቶፕካፒ ስንደርስ ለሰፊው ግቢ የቀረልን ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ሱቁ መኖሩ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ምንጣፍ የሚፈልግ ሰው ደስ ብሎት ይሂድ። መንገደኛው ግን ከመክፈሉ በፊት በመልእክት «በፕሮግራሙ ውስጥ የግዢ ቦታ አለ ወይ? ስንት ደቂቃ ይወስዳል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። ጉብኝቱን የሚሸጠው ድርጅት ከሆነ ደግሞ ቱርሳብ በሚባለው የጉዞ ወኪሎች ማኅበር የተመዘገበበት ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አስጎብኚ ገንዘብ ማባከን ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ከኤሚኖኑ ወደ ካዲኮይ በጀልባ ለመሻገር፣ ዓሣ በዳቦ ለመብላት፣ ገበያ ውስጥ ለመንከራተት ማንም አያስፈልግም፤ ኢስታንቡልካርት የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ መግዛት ይበቃል። አያ ሶፊያ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ537 ተሠርቶ የተጠናቀቀው ይህ ቤት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ሙዚየም፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ እንደገና መስጊድ ሆኗል፤ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ የውጭ ጎብኚ 25 ዩሮ ከፍሎ የሚገባው ወደ ላይኛው ሰገነት ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ጌታችን በእመቤታችንና በመጥምቁ ዮሐንስ መካከል የሚታይበት የሞዛይክ ሥዕል አለ፤ የታችኛው ክፍሉ ረግፎ ፊቶቹ ግን ቀርተዋል። በእብነ በረዱ መደገፊያ ላይ ደግሞ ከሰሜን የመጣ ወታደር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በስለት የጫረው ስም አለ፤ የሚያሳይ ሰው ከሌለ ጭረት መስሎ ይታለፋል። ስለዚህ ለሦስት ሌሊት ቆይታ የማምንበት በመጀመሪያው ሙሉ ቀን ለግማሽ ቀን ብቻ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መያዝ ነው።

አስጎብኚ ባይያዝ እንኳ የመዝጊያ ቀናትን ማወቅ ግድ ነው። ቶፕካፒ ማክሰኞ፣ ዶልማባህቼ ሰኞ፣ ግራንድ ባዛር እሑድ ዝግ ናቸው፤ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አያ ሶፊያ በጸሎት ምክንያት ጎብኚ አያስገባም። እሑድ ገብቶ ረቡዕ ጠዋት የሚወጣ መንገደኛ እነዚህን ሳያይ ፕሮግራም ካወጣ ከሁለቱ ሙሉ ቀኖቹ አንዱ በተዘጋ በር ፊት ያልፋል።

«መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ደግ ነው»

ብዙውን ጊዜ ደግ ነው። ሆኖም ብሩሹን ከፊታችን «ሳያውቅ» የሚጥለው ሊስትሮ፣ ብሩሹን አንሥተን ስንሰጠው በምስጋና ጫማችንን መጥረግ ይጀምርና ኋላ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ታክሲም አካባቢ ማታ «እኔም እንግዳ ነኝ፣ አንድ ቢራ እንጠጣ» የሚለው ሰው የሚወስደን ሒሳቡ በመቶዎች ዩሮ ወደሚቆጠርበት ቤት ሊሆን ይችላል። ከሁለቱም አመስግኖ ማለፍ ነው።

«ክፍሉን ከለቀቅኩ ቀኑ አለቀ»

አብዛኛው ሆቴል ክፍሉን የሚረከበው እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ ማታ የሚበር ሰው ግን ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሮጥ የለበትም። ሆቴሎች ሻንጣ ያለ ክፍያ ማስቀመጣቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ማስረከቢያ ምልክቱን ተቀብሎ፣ ፓስፖርቱንና ገንዘቡን ከራሱ ጋር ይዞ፣ በትራም ኤሚኖኑ ወርዶ ጀልባ ሊሳፈር ይችላል። ወደ ካዲኮይ መሻገሪያው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ቦታ ለማግኘት ቀደም ብሎ መሰለፍ ያስፈልጋል።