የስህተት ሳንቲም ምንድን ነው?

«ከሌሎቹ ይለያል፤ ስለዚህ የስህተት ሳንቲም ነው።» ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ጠርዙ የተጨፈለቀ፣ ፊቱ የተቦጫጨረ ሳንቲም ይዞ ብርቅ ነገር አገኘሁ ሲል አየሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም። መለየት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የስህተት ሳንቲም የሚባለው ጉድለቱ በማምረቻው ውስጥ፣ በሥራው ሂደት የተፈጠረ ሳንቲም ነው። ከዚያ ከወጣ በኋላ መኪና ቢሄድበት፣ አሲድ ቢበላው ወይም በመዶሻ ቢቀጠቀጥ ያ ጉዳት ነው፤ የፈለገውን ያህል እንግዳ መልክ ቢኖረውም ጉዳት ነው።

ማኅተምን አስቡ። የማኅተሙ ፊት ሲቀረጽ ፊደሉ ተደርቦ ከተቀረጸ የሚያርፍበት ወረቀት ሁሉ ያንኑ ድርብ ፊደል ይዞ ይወጣል። ማኅተሙ ደህና ሆኖ አታሚው እጁን ሲያነሳ ቢያንሸራትተው ግን የሚበላሸው ያ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ጥጉ ተቆርጦ ከነበረ ጽሑፉ እዚያ ሲደርስ ይቋረጣል። ታትሞ ካበቃ በኋላ ውሃ ቢፈስበትስ? ይህንን የማኅተሙ ስህተት ነው የሚል ሰው የለም። ስለ ሳንቲም ሲሆን ግን ይህን የሚል ሞልቷል።

በጣም የሚያናድደኝ የድርብ ፊደል ጉዳይ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 በፊላደልፊያ የተመረተው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ዓመተ ምህረቱና ጽሑፉ በዓይን በሚታይ ሁኔታ ሁለት ሁለት ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያን ጊዜ ማተሚያው ብረት የሚቀረጸው እናት ቅርጹ፣ ማለትም ምስሉን በማተሚያው ላይ የሚያሳርፈው ዋና ቅርጽ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጭኖበት ነበር፤ በአንዱና በሌላው ጭነት መካከል ጥቂት ዞር ብሎ ቀረ። ከዚያ ማተሚያ የወጡት፣ ከ20,000 በላይ እንደሆኑ የሚገመቱት ሳንቲሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ድርብነት አላቸው። ዛሬ ታዲያ ጥላ ያለው ፊደል ያየ ሁሉ «እንደ 1955ቱ ነው» ይላል። አይደለም! አብዛኛው የማተሚያው መንሸራተት ነው፤ ብረቱ መትቶ ሲነሳ ላላ ብሎ የታተመውን ፊደል ይፍቀዋል። በማጉያ መነጽር ቢታይ ልዩነቱ አያሳስትም። በእውነተኛው ድርብ ሁለቱም ፊደላት ሙሉ ቁመትና ክብነት አላቸው፤ ፊደሉ ይወፍራል፤ ጫፎቹም ላይ ስንጥቅ ይታያል። በመንሸራተት የመጣው ግን እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ፊደሉን ያቀጥነዋል እንጂ አያወፍረውም። መንሸራተቱም በማምረቻው ውስጥ የሚፈጠር ነው ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እጅግ የተለመደ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ዋጋ አይሰጡትም።

ጠርዙ የጎደለ ሳንቲምም እንዲሁ ነው። ልሙጡ፣ ማለትም ገና ያልታተመው ክብ፣ ከብረት አንሶላ ሲቆረጥ ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ከተደረበ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድለት ይዞ ይወጣል። ያን ጊዜ መመልከት ያለባችሁ ጉድለቱን ሳይሆን ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለውን ጠርዝ ነው። ልሙጡ ከመታተሙ በፊት ጠርዙ በግፊት ከፍ እንዲል ይደረጋል፤ በአንድ በኩል ብረት ከሌለ በተቃራኒው በኩል ግፊቱ ስለማይበቃ ጠርዙ ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። በሞረድ የተቆረጠ ሳንቲም ግን ፊት ለፊቱ ያለው ጠርዝ ሙሉ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ምንም እንከን የማይታይበት ሳንቲም እውነተኛ ስህተት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የብሪታንያ 20 ፔንስ ንድፍ ሲቀየር ዓመተ ምህረቱ ከጀርባው የንግሥቲቱ ምስል ወዳለበት ፊት ተዛወረ። የድሮው ፊት ከአዲሱ ጀርባ ጋር ተጣምሮ በመታተሙ ዓመተ ምህረት የሌላቸው ሳንቲሞች ወደ ገበያ ወጡ። ጥርት ያሉ ናቸው፤ ያልተጠነቀቀ ሰው በእጁ ይዞ ያሳልፋቸዋል።

እ.ኤ.አ. የ1943 የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲም አገኘን የሚሉትን ደግሞ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ እላቸዋለሁ። በዚያ ዓመት መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ሳንቲሙ የተሠራው ዚንክ ከተቀባ ብረት ነበር፤ ጥቂቶች ብቻ ሳይታሰብ በመዳብ ቅይጥ ላይ ታተሙ። ማግኔት ከያዘው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ማግኔት ባይዘውም አላበቃም፤ ሚዛኑ 3.11 ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ የብረቱ 2.7 ግራም ያህል ነው። ሚዛኑም ቢስማማ ከ1948 የመጨረሻው ቁጥር ተፍቆ 3 የተደረገ ሊሆን ይችላል።

በእጅ በመዶሻ ይመቱ የነበሩትን ጥንታዊ ሳንቲሞች በዚህ መለኪያ አትፍረዱባቸው፤ እነርሱ ላይ ምስሉ ከመሃል መውጣቱ የተለመደ ነው። ጀርባው ተገልብጧል ከማለታችሁ በፊትም የዚያን አገር ልማድ አጣሩ፤ የአንዳንዱ አገር ሳንቲም ወደ ጎን ሲገለበጥ፣ የሌላው ከላይ ወደ ታች ሲገለበጥ ነው ምስሉ ቀጥ ብሎ የሚታየው። እንዲታይላችሁ ስትፈልጉም የሁለቱንም ፊትና የጠርዙን ፎቶግራፍ ከክብደቱ ጋር አቅርቡ፤ ከዚያ በፊት ግን እባካችሁ አታጽዱት።