አምፕ ሞዴለር ምንድን ነው? ቤዝ ጊታርን ቤት ውስጥ ለሚቀዳ ሰው

ቤዝ ጊታርን በኬብል ሰክቶ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የቀዳ ሰው የመጀመሪያውን ቅሬታ ያውቀዋል። ድምፁ ንጹህ ነው፣ ግን ደረቅ ነው። ጣት ክሩን ሲለቅ የሚወጣው ጠቅታ ይጎላል፣ ክሩ ከፍሬቱ ብረት ጋር ሲፋተግ ይሰማል፣ ታችኛው ድምፅ ደግሞ ከድራሙ ጋር አልዋሃድ ብሎ ለብቻው ይቆማል። ያኔ ነው አንዱ ጓደኛ "አምፕ ሞዴለር አድርግበት" የሚለው። ምክሩ ልክ ነው። ግን ሞዴለሩ ድምፁን ምን እያደረገው እንደሆነ ያላወቀ ሰው፣ የተዘጋጁትን ፕሪሴቶች አንድ በአንድ ሲቀያይር ያመሻል።

አምፕ ሞዴለር የእውነተኛ አምፕን ጠባይ በሒሳብ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። በፕለጊን መልክ፣ ማለትም በቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ በሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ወይም እግር ሥር በሚቀመጥ ፔዳል ውስጥ ተጭኖ ይመጣል። ሥራው በሁለቱም አንድ ነው። ከቤዙ የመጣውን ድምፅ ይቀበልና "ይኼ ድምፅ በዚህ አምፕና በዚህ ስፒከር ቢያልፍ፣ ፊቱ ማይክ ቢቆም፣ ምን ሆኖ ይወጣ ነበር?" ለሚለው ጥያቄ እዚያው በዚያው መልስ ይሰጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ አምፑ ራሱ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ብዙ ሰው አምፕ ማለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣውን አምፔግ ኤስቪቲ የተባለ የቤዝ አምፕ ውሰዱ፤ የቤዝ ሞዴለር ባለበት ሁሉ የእሱ ቅጂ አይጠፋም። 300 ዋት የሚያወጣ የቱቦ አምፕ ነው፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚታየውም 8 ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ከተደረደሩበት ትልቅ ሳጥን ጋር ነው። ክሩን ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ቱቦዎቹ እንዳለ ያሳልፉታል። ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ግን ከአቅማቸው በላይ ይሆንባቸውና የሞገዱን ጫፍ ጫፍ ይጨፈልቁታል። ከዚህ ጭፍለቃ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ በቀስታውና በጠንካራው ምት መካከል ያለው ልዩነት ይጠብና ቤዙ በሚክሱ (በዘፈኑ ትራኮች ቅልቅል) ውስጥ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ በኖታው ላይ ያልነበሩ ወይም ደከም ብለው የነበሩ ከፍ ያሉ ድምፆች፣ ማለትም ሃርሞኒክሶች፣ ይጨመሩበታል።

ቀጥሎ ሳጥኑ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ ሰው ግን አምፕ ለመምረጥ ሰዓታት ሲያጠፋ ሳጥኑን እንደመጣለት ይተወዋል። ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) የሌለው ባለ 10 ኢንች የቤዝ ስፒከር ከ4 ወይም 5 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 4 ወይም 5 ሺህ እርግብግቢት) በላይ ያለውን ድምፅ ብዙም አያወጣውም። ያ የሚረብሸው ጠቅታና ፍትግታ ደግሞ በብዛት የሚኖረው እዚያው ሰፈር ነው። እስኪ ሞዴለራችሁ ውስጥ አምፑን አጥፉና ሳጥኑን ብቻ ተዉት። ድርቀቱ ወዲያው ቀለል ሲል ትሰማላችሁ። አሁን ደግሞ በተቃራኒው አምፑን አብርታችሁ ሳጥኑን አጥፉት፤ ንብ የገባበት ቆርቆሮ ይመስላል።

ሳጥኑ ሞዴለር ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ አይአር በሚባል ነገር ነው፣ ኢምፐልስ ሪስፖንስ ለማለት። አጭር የድምፅ ፋይል ነው። በእውነተኛው ስፒከር ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ እየወጣ የሚሄድ ፉጨት ያስኬዱበታል፣ በማይክ ይቀዱታል፣ ከዚያ የገባውና የወጣው የሚለያዩበትን በሒሳብ ያወጡታል። ፋይሉ ስፒከሩን፣ ሳጥኑን፣ ማይኩንና ማይኩ የቆመበትን ቦታ አንድ ላይ ይዟል። ማይኩን ከስፒከሩ መሃል ወደ ጠርዝ ልውሰደው ካላችሁ ሌላ አይአር ትመርጣላችሁ።

እዚህ ላይ ቤዝ ተጫዋች ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። አንዱ ዙር 24 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። አንዳንድ ሞዴለሮች ግን አይአሩን 1024 ናሙና (ዲጂታል ድምፅ የተሠራበት ነጥብ) ላይ ይቆርጡታል። ይኼ በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና፣ ሲሰላ 21 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ፋይሉ አለቀ! እንዲህ ያለ አጭር ፋይል ሳጥኑ ታችኛው ድምፅ ላይ የሚያደርገውን በትክክል መያዝ አይችልም። ለጊታር ያን ያህል አይታወቅም፣ ለቤዝ ግን ይታወቃል። ባለ 5 ክር ቤዝማ ይብሳል፣ የቢ ክሩ 31 ኸርዝ ላይ ነው። ምርጫ ካላችሁ 2048 ወይም ከዚያ የረዘመውን ውሰዱ።

አምፑን ራሱን የማስመሰያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የአምፑን ሰርኪዩት በሒሳብ መልሶ መገንባት ነው፣ ማዞሪያዎቹም እንደ እውነተኛው ይሠራሉ። ሁለተኛው ካፕቸር ይባላል። በአምፑ ውስጥ ድምፅ ያሳልፉና የገባውንና የወጣውን ለኮምፒውተር ሰጥተው ያስተምሩታል። ካፕቸር እንደ ፎቶ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ማዞሪያዎቹ በዚያች ሰዓት የነበሩበትን ብቻ ነው። ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባለው በነፃ የሚገኘው ፕለጊን በዚህ መንገድ ይሠራል። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ ያችን ባቄላ የምትመስል ቀይ ሞዴለር፣ ፖድን፣ ካወጣበት እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ሞዴለሮች ብዙ ርቀት ሄደዋል። ዛሬ የትኛውም ይሁን የትኛው ለቤት ቀረጻ ይበቃል።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ። ሞዴለር ልብስ ነው። ሰውየው ንጹሁ ድምፅ ነው፣ ዲአይ የሚሉት፣ ከቤዙ በቀጥታ የገባው። ንጹሁን ድምፅ ሁልጊዜ ለብቻው ቅዱ።

አንድ ጊዜ ሦስት ዘፈን ሙሉ ቤዝ ቀድቼ ነበር፣ በፔዳል ሞዴለር፣ ከፔዳሉ የወጣውን ብቻ። ለብቻው ሲሰማ በጣም ያምር ነበር፤ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ሙሉ። ሁለቱ ጊታሮች ሲገቡ ግን ጭቃ ሆነ። ጌይኑን (ድምፁን እያጎላ የሚያሻክረውን ማዞሪያ) ትንሽ ብቻ ልቀንስ ብል አይቻልም። ዲስቶርሽን (ያ ሻካራነት) አንዴ ድምፁ ውስጥ ከገባ የፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም። ሦስቱንም ዘፈን እንደገና መጫወት ነበረብኝ፣ አንዱ ላይ የነበረችውን አንዲት የምወዳትን ስላይድ (ጣትን ክሩ ላይ አንሸራቶ ከኖታ ወደ ኖታ መሄድ) ደግሞ እስካሁን በዚያው ስሜት አልደገምኳትም። ንጹሁ ቢኖረኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ሌላ አምፕ አልብሼው እቀጥል ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፕለጊን ከሆነ ትራኩ ላይ ንጹሁን ትቀዱና ሞዴለሩን ከላይ ትጭኑበታላችሁ፤ እየተጫወታችሁ የምትሰሙት የለበሰውን ነው፣ ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው ግን ንጹሁ ነው። ፔዳል ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ በዩኤስቢ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይልካሉ፣ ሁለት ትራክ ክፈቱ። ደግሞ ንጹሁን አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዲትሮይት፣ ሞታውን ስቱዲዮ ውስጥ፣ ጄምስ ጄመርሰን የተጫወታቸው እነዚያ የቤዝ መስመሮች በአብዛኛው የተቀዱት ያለ አምፕ፣ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ገብተው ነው።

ንጹሁ ንጹህ እንዲሆን አገባቡ ልክ ይሁን። ኢንተርፌሱ (ቤዙን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ "ኢንስትሩመንት" ወይም "ሃይ ዚ" የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ተጫኑ። ይኼ መግቢያ 1 ሜጋኦም አካባቢ ነው። ባትሪ የሌለው ቤዝ በላይን መግቢያ ከገባ ፒክአፑ (ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚይዘው ማግኔት) ይደክምና ላይኛው ድምፁ ይሞታል፣ ያንን በኋላ ምንም ፕለጊን አይመልሰውም። ከዚያ በሙሉ ኃይላችሁ ምቱትና ጫፉ ከዜሮ (ድምፁ ከሚቆረጥበት ጣሪያ) በታች ከ12 እስከ 10 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ጌይኑን አስተካክሉ። በ24 ቢት እየቀዳችሁ ወደ ዜሮ መጠጋት ምንም አይጨምርላችሁም። ሞዴለሩም የሚገባለት መጠን ያሳስበዋል፣ ከመጠን በላይ ካጎረሳችሁት ንጹህ የተባለው አምፕ ሁሉ ይሻክራል።

አሁን ስለ ንጹሁና ስለ ለበሰው ቅልቅል። ቤዝን ሙሉ በሙሉ ዲስቶርሽን ውስጥ ከከተታችሁት ታችኛው ድምፅ ጥንካሬውን ያጣል። ብዙዎች የሚያደርጉት፣ እኔም የማደርገው፣ ንጹሁን ትራክ ቅጂ ማውጣት ነው። በአንዱ ከ200 ወይም 250 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ አስቀርቼ ንጹህ እተወዋለሁ፣ በሌላው ከዚያ በላይ ያለውን ወስጄ በሞዴለር አሻክረዋለሁ። ታችኛው እንደ መሠረት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ላይኛው ይናገራል።

ግን ስትቀላቅሉ ጊዜያቸው ካልተገጣጠመ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። በተለይ በፔዳል የለበሰው ትራክ ከንጹሁ ትንሽ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ሁለት ሙሉ ትራኮች እኩል ጮኸው አንዱ በ12 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ፣ ይኼ የኢ ክር የግማሽ ዙር ጊዜ ነውና፣ የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው ይወርዳል፤ መሠረቱ ኖታ ከመካከል ይጠፋል። 1 ሚሊሰከንድ ቢሆን ደግሞ 500 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይቆፍራል። ስለዚህ ሁለቱን ትራኮች አጉልታችሁ እዩአቸው። ከፀጥታ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ምት ፈልጉ፣ የሁለቱ ሞገድ የሚነሳበትን ቦታ አስተያዩ፣ የዘገየውን ወደ ግራ ሳቡት። ቀጥሎ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡና ስሙ። ከሁለቱ ቤዙ የወፈረበት ነው ትክክሉ። ይህን ሳያደርጉ ታችኛው ድምፅ ሳሳ ብሎ በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፁን ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው) የሚታገል ሰው ብዙ ነው።

ሌተንሲ፣ ማለትም በምትመቱበትና በምትሰሙበት ጊዜ መካከል ያለው መዘግየት፣ ሌላው ቅሬታ ነው፣ ብዙም አያስጨንቅም። በ48 ኪሎኸርዝ በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደውን የናሙና ብዛት) 128 ላይ ብታደርጉ ለአንድ መንገድ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ደርሶ መልሱና የኢንተርፌሱ የራሱ መዘግየት ሲጨመር ከዚህ ከፍ ይላል። ለንጽጽር ድምፅ በአየር ላይ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ከአምፕ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ መጫወት ማለት ነው። 512 ላይ ግን ጣታችሁ ቀድሞ ድምፁ ሲከተል ይታወቃችኋል፣ ግሩቩም ይላላል። ስትቀዱ በፈሩን አሳንሱ፣ ስትሚክሱ አሳድጉ።

ቤት ውስጥ ሲቀዱ የሚያሳስት ደግሞ መስሚያው ነው። ትናንሽ ስፒከሮች 41 ኸርዝን በደንብ አያወጡም። ሆኖም ኖታውን እንሰማዋለን፣ ምክንያቱም 82ና 123 ኸርዝ ላይ ያሉት ሃርሞኒክሶች እስካሉ ድረስ ጆሯችን የጎደለውን መሠረት ይሞላዋል። ሞዴለሩ የሚጨምረው ትንሽ ሻካራነት ቤዙ በስልክ ስፒከር እንኳ እንዲሰማ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጌይኑን ስትመርጡ ቤዙን ለብቻው አትስሙት። ድራሙንና ጊታሩን ክፈቱ። ለብቻው ሲሰማ ትንሽ የበዛ የሚመስል ሻካራነት ሚክስ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል፤ ለብቻው ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ የሚያስደስተው ደግሞ ኪኩ (የድራሙ ትልቁ ከበሮ) ሲገባ ይጠፋል።

ሞዴለሩን አብርታችሁ አጥፍታችሁ ስታወዳድሩም መጀመሪያ የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አድርጉ። ሞዴለሮች ሲበሩ ብዙ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፣ ጆሮ ደግሞ የጮኸውን ይወዳል። መውጫውን ቀንሳችሁ እኩል ካደረጋችሁት በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቁልፉን ጥቂት ጊዜ አብሩ አጥፉ። የትኛው እንደበራ ሳታውቁ የመረጣችሁትን ያዙ።